አባ ጭዱ

ከፒያሳ ወደ ቀሃ በሚወርደው ቁልቁለት፣
ጭድ ለብሳ የኖረች መኪና ነበረች በአባቴ ቤት።
ፎርድ ሙስታንግ። ቀይ ናት ይላሉ፤
እኔ ሳውቃት ዝገት ነች፤ ዶሮዎች በኋላ ወንበሯ ይጥላሉ።

የጤና ኮሌጁ ፈረንጅ በስልሳ ስድስት አገሩ ሲሄድ፣
ለሾፌሩ ለአዛናው ተዋት፤ ግማሿ የደሞዝ ዕዳ፣ ግማሿ መውደድ።
ከዚያ ዘመኑ ከፋና ባለ መኪና ሁሉ ተጠረጠረ፤
አባቴ ካርብሬተሯን ፈታ፤ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሎ ቀበረ፤
በላይዋ ላይ ሠላሳ ሸክም የጤፍ ጭድ ከመረ።
ካድሬ መጣ፣ ጭድ አየ፣ ሄደ።
ሰፈር ግን አይቶ መቼ ዝም ብሎ ያውቃል?
የጥንት ጌቶች በፈረሳቸው ስም እንደተጠሩ ሁሉ፣
አባቴንም ከዚያ ወዲያ «አባ ጭዱ» አሉ።

እኔ አዘዞ መንገድ ዳር ባትላሜራ ነኝ፤
የሰው ፓራፋንጎ ሳቃና ሃያ ዓመት ያለፈኝ።
ባለፈው ጥቅምት ነው ጭዱን ገልጬ ያየኋት፤
ሽቦዋን አይጥ ጨርሶት፣ ወለሏን መሬት በልቶት።
ከግንባሯ ላይ ያ የብረት ፈረስ
አንድ እግሩ ጎድሎ አሁንም ይጋልባል፣ የት ሊደርስ።

የዘይት በርሜል ቀድጄ ወለል ሠራሁላት፤
ለነከሱት ፒስተኖቿ፣ እንደ አራስ፣ አርባ ቀን ናፍታ አፈሰስኩላት።
ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ፤ ደግሞ ስቱኮ፤
ሌሊት በሕልሜ ስፍቅ፣ ሚስቴ «አንሶላውን ቀደድከው እኮ!»

የእህቴ ልጅ አንጓች ናት ካቻቢቴ አቀባይ፤
አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከኔ ቀድማ የምታይ።
«አጎቴ፣ አሜሪካዊት ናት ካልክ፣ ምነው ብልቷ ሁሉ
ካንዴላ፣ ቢዬላ፣ ማርሚታ፤ መኮሮኒ አይመስሉ?»
ልጄ፣ ጎንደር ብረት መፍታት የተማረ በጣልያን አፍ፤
ሰውዬው ሄደ፤ ቃሉ ቀረ፣ እንደ ግሪስ ከጥፍር ጫፍ።

ካርብሬተሩስ?
አባቴ ዘጠና ሊደፍን ነው፤ ጆሮው ከድቶታል።
«ከሾላው ሥር» አለ። ቆፈርን። ሥር ብቻ።
«እንግዲያ ከጉድጓዱ አፍ።» ቆፈርን። የእናቴ የተሰበረ ሳህን።
ግቢው የድንች ማሳ ሲመስል፣ ከቶዮታ ፈትተን ገጠምን።

የኅዳር ሚካኤል ማግሥት ተነሣች።
ዶሮ በረረ፤ ውሻ ጮኸ፤ የጎረቤት ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ፤
አባ ጭዱ መዳፉን ኮፈኗ ላይ አስቀመጠ፤
እንደ ሐኪም ቆየ፤ ቆየና
«የሌላ ሰው ጉሮሮ ተክላችሁባታል» አለና
ጋቢና ገብቶ መሪ ጨበጠ።

ቤንዚን በሃይላንድ ነው፤ ሁለት ሊትር፣ የሳምንት አስቤዛ፤
ስምንት አፍ ያላት ጉድ ቀሃ ድልድይ ላይ ጨለጠችው፣ እንደ ዋዛ።

መመለሻው ዳገት ነው።
ሽባባው ከወፍጮ ቤቱ ዱቄቱን ሳያራግፍ መጣ፤
ሁለት የባጃጅ ልጆች፣ አንጓች፣ እኔ፤ ገፋን፤ ነፍሳችን ወጣ።
እኩሌታው ላይ ከጎማው ሥር ድንጋይ አድርገን ስናርፍ፣
አባቴ በመስኮት አንገቱን አወጣ፦
«እናትህ ብቻዋን ነበር የምትገፋት።»

ምን?

«ጭዱ በሚለወጥበት ሌሊት፤ በዓመት አንዴ፤ በሰዓት እላፊ።
ከሾላው እስከ በሩ፤ ሞተር የለ፣ መብራት የለ፤ እሷ ገፊ፣
እኔ ነጂ። ከበሩ ስንመለስ ግን ተራው የሷ ነበር፤
ጫማዋን አውልቃ ገብታ፣ ስትነዳ፣ ምንም ሳትናገር።»

ሽባባው ፊቱን አዞረ። እኔ የሳህኑን ስባሪ አሰብኩ።
አንጓች ግን ጫማዋን አውልቃ፣ በሩን ከፍታ ቆማለች፤
«ተራዬ ነው» ትላለች።

አባ ጭዱ ቀስ ብሎ ወረደ፤
ዞሮ መጣ፣ ከኋላ፣ ከመሀላችን፤
ሁለት እጁን ብረቱ ላይ አሳረፈ።
«ድንጋዩን አንሡ» አለ።